ጎበዝ ከኋላ

ደካማ ከፊት፣ ጎበዝ ከኋላ። መምህርቷ ይህን ደንብ ከማንም አልተማረችውም፤ ከስልሳ ሦስት ሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል የዋለ ሰው ራሱ የሚደርስበት ብልሃት ነው። ፊደል የሚጠፋበት፣ የሚያንቀላፋ፣ ጎረቤቱን የሚቆነጥጥ ልጅ ከሰሌዳው ሥር፣ እጇ ከሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። የገባው፣ ጨዋው፣ ተነስ ሲባል የሚመልሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላው መደዳ ሹመት ነበር። ልጆቹም ያውቁታል፤ ወደ ኋላ የተላከ ልጅ ደብተሩን አቅፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በዴስኮቹ መካከል እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አስተምራለች። ጣቷ ላይ ጠመኔ ስለማይጠፋ ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እትዬ ጠመኔ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን «ቲቸር» ናት። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልጠላችውም። ሌላም ደንብ ነበራት፤ እያንዳንዱ የደብተር ገጽ አናቱ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል። «ስም የሌለው ገጽ እናት እንደሌለው ልጅ ነው» ትላለች፤ ልጆቹም ይስቃሉ፤ ይጽፋሉ።

በሁለተኛ ክፍል የመጨረሻው መደዳ፣ የመስኮቱ ጥግ፣ የቃጭሌ ነበር። ቃጭሌ ያለቻት ራሷ መምህርቷ ናት፤ ድምጿ ጥርት ያለ ስለሆነ። ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ግንበኛ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ንባብ ሲሆን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ትጽፍና በዘንግ እየነካች አንድ ጊዜ ታነባለች፤ ክፍሉ ይቀበላታል። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ከስልሳ ሦስቱ ድምፅ የቃጭሌ ብቻውን ከላይ ይሰማል። ሌሎቹ ሲደናቀፉ እሷ ትመራቸዋለች። የቃል ፈተና ሲደርስም ከመምህርቷ ጠረጴዛ ፊት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆምና አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ትወጣዋለች። መምህርቷ ልጅ አልወለደችም። ቃጭሌ ስታነብ ግን አንዳንዴ ዘንጉን ወደ ደረቷ አስጠግታ መያዟን ራሷም አታውቀውም ነበር።

ታብሌቶቹ የመጡት በዓመቱ አጋማሽ ነው። ሠላሳ ናቸው፤ የሰጣቸው አንድ ድርጅት ነው፤ ሙከራውም በሁለተኛ ክፍል እንዲጀመር ተወሰነ። የቤተ መጻሕፍቱ ግማሽ ተከልሎ ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን ገባበት። ልጆቹ ተራ በተራ እየገቡ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተለጠፈበትን ታብሌት ይይዛሉ። ሥዕል ይመጣል፤ ከሥዕሉ ሥር አራት ቃላት ይደረደራሉ፤ ልጁ ትክክለኛውን በጣቱ ይነካል። ከነካ ደወል፣ ከሳተ ዝም። አርብ አርብ ውጤቱ ታትሞ በሩ ላይ ይለጠፋል።

በሦስተኛው አርብ መምህርቷ መነጽሯን አስተካክላ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ቁጥር አርባ አንድ፣ የቃጭሌ ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ዜሮ። ባለፈውም ሳምንት ዜሮ። ካለፈው በፊትም ዜሮ።

ወደ ኮምፒዩተሩ መምህር ክፍል በቀጥታ ገባች። ወጣት ነው፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሰካ ነገር ሁሉ በሱ ትከሻ ላይ ነበር።

«ይኼ ዕቃህ ሰክሯል» አለችው።

«ምነው እትዬ፣ ታብሌት ይሰክራል እንዴ?»

«ታዲያ ለቃጭሌ ዜሮ የሚሰጥ ምን ሆኖ ነው? ክፍሉን ሙሉ የምትመራ ልጅ! እኔ ጉንፋን የያዘኝ ቀን ማን ያስነበበልኝ መሰለህ?»

ወጣቱ አንገቱን አከከ። «እኔንም ገርሞኛል። መጀመሪያ ስክሪኑ ጣቷን እንቢ ያለ መስሎኝ ቀየርኩላት። ሁለተኛውም ዜሮ አለ። ሦስተኛ ሰጠኋት።»

«እሺ?»

«እሱም ዜሮ።»

«አየህ? ሦስቱም ውሸታሞች ናቸው።»

ሳቀ፤ እሷም ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለብቻዋ አስቀምጬ ልፈትናት ይሆን?» አላት።

«ልጄን እንዳታስጨንቅብኝ» አለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷም አልለቀቀችም፤ በሩ ላይ የተለጠፈውም ወረቀት አልለቀቀም። እሱ ደግሞ የስድስት መቶ ልጆች ዝርዝር ይጠብቀው ነበር። ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

ዜሮው ግን እግር ነበረው፤ ቤት ድረስ ሄደ። በሳምንቱ ግንበኛው ከሥራ መልስ የሲሚንቶ አቧራ በቅንድቡ እንደያዘ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«መምህርት፣ ዘንድሮ ማለፍና መውደቅ በዚያ ዕቃ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አልተወሰነም። ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ እዚያ ነው የሚወሰነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜን እጠብቃለሁ። እኔ ሰው አልበድልም መምህርት። እህቴ ሌላ ከተማ ዳቦ ቤት አላት፤ የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች። ልጅቷን ከጠየቀችኝ ዓመት አለፋት። ታናናሾቿ ደግሞ ደርሰዋል፤ ደብተር ይላሉ፣ ጫማ ይላሉ። ካወቀች ትማር። ካላወቀች ግን እጇ ይሥራ።»

«ታውቃለች!» አለች መምህርቷ። «የኔን ቃል ይስሙኝ እንጂ። ቅዳሜ ይምጡ፤ እሷንም ይዘዋት ይምጡ። በጆሮዎ ይሰማሉ።»

«እንዳፍዎ» ብሎ ኮፍያውን አጠለቀ።

በዚያ ሳምንት መምህርቷ ብዙ አልተኛችም። ስለ ታብሌቱ ካላት ቅሬታ ሁሉ ይቺ ዜሮ በለጠችባት። ሌላው ነገር፣ ድምፅ የጠፋበት ክፍል፣ አቀርቅሮ የሚውል ሕፃን፣ ዘንጉን የሚቀማት ወጣት፣ ይሁን ብላ የምትውጠው ነበር። ቃጭሌን ከዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ማየት ግን አልቻለችም። ቅዳሜ ተነስቼ ብዙ አልናገርም፤ ልጅቷ ራሷ ትናገርልኛለች ብላ አሰበች።

ስብሰባው በትልቁ አዳራሽ ነበር። ወላጆች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዘመን ተናገረ፤ ዘመን እንደማይጠብቅ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንደቀደሙ። ወዲያው ጫጫታው ተነሳ።

«የኔ ልጅ እኮ ቤት ስልክ ካልሰጠሁት አይጎርስም!» አለች አንዲት እናት። «ትምህርት ቤት ያርፍልኛል ስል እናንተም ያንኑ ሰጣችሁት?»

«ኧረ እሜቴ፣ ልጅሽ ነገ ሥራ ሲፈልግ በጠመኔ ነው የሚያመለክተው?» አለ ከፊት የተቀመጠው የታክሲ ሹፌር፤ ሰዉ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ መንገድ ላይ ያፏጨኸው አንሶህ እዚህም!»

«እኔ ያልገባኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ «ዕቃው ሲበላሽ ልጁ ያወቀው አብሮ ይበላሻል ወይስ ይተርፋል?»

መምህርቷ እጇን አወጣች። ሰው ፊት መናገር ያስፈራት ነበር።

«እኔ የዘመን ጠላት አይደለሁም» አለች። «ግን ይኼ ዕቃ ልጅ አያውቅም። ከክፍሌ አንደኛ ለሆነች ልጅ ወር ሙሉ ዜሮ ሰጣት። በዚህ ዜሮ ከትምህርት ልትቀር ነው። ልጅቷ እዚህ አለች። እናንተው ስሟትና ፍረዱ። ነይ ቃጭሌ።»

ቃጭሌ ከአባቷ ጉልበት ላይ ወርዳ መጣች። ጸጉሯ ተጎንጉኗል፤ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች። መምህርቷ የንባብ መጽሐፉን ሰጠቻት። «ትምህርት አሥራ አራት። እንደ ክፍላችን።»

ልጅቷ መጽሐፉን ገለጠች፤ ከደረቷ ፊት ያዘችና ጀመረች። «ዶሮዋ ስድስት ጫጩቶች አሏት። አንዷ ጫጩት ጠፋች። ዶሮዋ ወደ ሜዳው ወጣች።» ድምጿ አዳራሹን ሞላው። የጎን ወሬ ቆመ። ልጁ ስልክ ካልያዘ አይጎርስም ያለችው እናት አፏን በእጇ ያዘች። ግንበኛው ወለሉን እያየ ነበር የሚሰማው፤ ከንፈሩ ግን በትንሹ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አብሯት ያነብ ይመስል። ጨረሰች። ጭብጨባው ፈነዳ።

መምህርቷ የኮምፒዩተሩን መምህር ፈልጋ አየችው። እሱም ያጨበጭባል።

«ጎሽ!» አለ የታክሲ ሹፌሩ። ከፊት ስለነበር ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን አየ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀልደኛ ሰው ነው። «ግን የኔ እመቤት፣ ዶሮዋ በጀልባ ነው እንዴ የምትሄደው? ይኼ ገጽ ላይ እኮ ያለው የጀልባ ሥዕል ነው!»

ሰዉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቀች። «ደንግጣ ነው» አለችና መጽሐፉን አየችው። ትምህርት ዘጠኝ ላይ ተገልጧል። «ምንም አይደለም። እዚሁ ያለውን አንብቢላቸው የኔ ቆንጆ። ይቺን መስመር።» ጣቷን ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ አኖረችላት።

ቃጭሌ ጣቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ የመምህርቷን አፍ አየች። ዝም ብላ፣ ሳትፈራ፣ ዘወትር ጠዋት እንደምታየው አየቻት። እየጠበቀች ነበር።

ልጅቷ ምን እንደምትጠብቅ ለመምህርቷ ገባት። መጽሐፉን መዝጋት ትችል ነበር፤ ደክሟታል ብላ ወደ አባቷ መመለስ ትችል ነበር። ልጅቷ ግን ዓይኗን በመምህርቷ አፍ ላይ ተክላ ቆማለች፤ መምህርቷም ዓመቱን ሙሉ ባዶዋን መልሳት አታውቅም። ከንፈሯ ሳታዘው ተከፈተ።

«ጀልባው...» አለች በሹክሹክታ።

«ጀልባው በወንዙ ላይ ይሄዳል!» አለች ቃጭሌ፤ ፊቷ በራ። «ቀዛፊው ሁለት መቅዘፊያ አለው። ነፋሱ ሲነፍስ ጀልባው ይወዛወዛል!» እስከ መጨረሻው ወጣችው፤ መጽሐፉን አንዴም አላየችውም። ስትጨርስ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጭብጨባውን ጠበቀች።

ያጨበጨበ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተባለውን መምህርቷ በደንብ አታስታውሰውም። እጆች ወጡ፤ ተቆጠሩ፤ ታብሌቶቹ ይቀጥሉ ተባለ። የታክሲ ሹፌሩ «እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» እያለ ለጎረቤቱ ይምል ነበር። ግንበኛው መጥቶ የልጁን እጅ ያዘ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«አመሰግናለሁ መምህርት» አላት። «ቢያንስ እውነቱን አወቅን።»

«ቲቸር፣ ሳትኩ?» አለች ቃጭሌ።

«አልሳትሽም» አለች መምህርቷ።

እሑድን ከቤቷ አልወጣችም። ልሂድ ትላለች፤ ነጠላዋን ታነሳለች፤ ምን ብዬ ትላለች፤ ታስቀምጠዋለች። ሰኞ ጠዋት የመስኮቱ ጥግ ባዶ ነበር። በዕረፍት ሰዓት የኮምፒዩተሩ መምህር በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ለመግባት አመነታ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል» አላት። «ታብሌቱን ስትይዝ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነበር። ዓይንሽን ያጠፋዋል፣ አርቂው እያልኩ በየቀኑ እቆጣት ነበር። እሺ ብላ ታርቃለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ልብ አላልኩትም።»

ልጆቹ ገና ሜዳ ላይ ሳሉ መምህርቷ በባዶው ክፍል መካከል ሄዳ የመስኮቱ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ዴስኩ ጠበባት። ሃያ ስድስት ዓመት ስታስተምር ከዚህ ቦታ ሆና ሰሌዳዋን አይታው አታውቅም። ጠዋት የጻፈችውን አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ፊደሎቹ ቀለጡ፤ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የቀረው አንድ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ጭጋጉን ብዙ ጊዜ አየችው። ልጅቷን በዚህ ጭጋግ ፊት ያስቀመጣት ማንም አይደለም፤ ራሷ ናት፤ ያውም ስለምትወዳት።

ልጆቹ ሲመለሱ ትምህርት አልጀመረችም። የኋላውን መደዳ አንድ በአንድ እያስነሳች ሰሌዳው ላይ ተራ ያልያዙ ፊደሎች ጻፈችላቸው፤ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ፊደሎቹን መለየት አቃታቸው። አንደኛው የሆነ ፊደል ገመተና «ልክ ነኝ ቲቸር?» አላት። ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ ወደ ፊት አመጣቻቸው፤ አንደኛው የተቀጣ መስሎት አለቀሰ። የዛሬዎቹ ሁለት ናቸው። ያለፉትን የኋላ መደዳዎች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተደርድረው የወጡትን፣ ማሰብ ጀመረችና ተወችው።

ከሥራ እንደወጣች ወደ ግንበኛው ቤት ሄደች። አንድ ክፍል ናት፤ በሩ አጠገብ የስፌት መኪና ቆሟል። እናቲቱ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስታ ክር ለማስገባት ትታገል ነበር። መምህርቷን ስታይ ደንግጣ ተነሳች፤ የተቀመጠችበትን ወንበር በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት።

«ልጅቷስ?» አለች መምህርቷ ሳትቀመጥ።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወሰዳት። አክስቷ ጋ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ትናንት ሙሉ ቀን እዚሁ ነበረች። ቲቸር ትመጣለች እያለች በሩ ላይ ተቀምጣ ዋለች።»

መምህርቷ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ስለ ልጅቷ ዓይን ነገረቻት፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ መነጽር። እናቲቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አላመነችም።

«የሷ ዓይን? የሷ ዓይን እንኳን ጤነኛ ነው እትዬ። መርፌ የምታሾልክልኝ እሷ አይደለችም እንዴ? እንዲህ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ በአንድ ጊዜ ታስገባዋለች። ይኸው ዛሬ ከጠዋት ጀምሬ እታገላለሁ።»

«ቅርቡን ነው የምታየው። ሩቁን ነው የማታየው።»

እናቲቱ መርፌውን አየች። «ማንም አልነገረን» አለች።

«አባቷን ልነግረው እችላለሁ። ትመለስ። ከፊት ነው የማስቀምጣት፤ መነጽሩን እኔ...»

«እሱ ግንበኛ ነው እትዬ። ያስቀመጠውን ድንጋይ አያነሳም። እስቲ እነግረዋለሁ። እስቲ።» ይህን ስትል ወደ መምህርቷ አላየችም። ተነስታ ከአልጋው ሥር አንድ ደብተር አወጣች። «ይኼን ይውሰዱት። እዚያ ምን ያደርግላታል ብሎ አስቀረው። እኔማ ማንበብ አልችልም፤ ግን ጽሕፈቷ ሲያምር!»

እውነትም ያምር ነበር። የደብተሩን ሽፋን መምህርቷ ታውቀዋለች፤ የልጅቷን ስም የጻፈችበት ራሷ ናት። ገለጠችው። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ፣ እኩል፣ አንዱ ካንዱ ያልተጋፋ፤ አንድ ሰው አበባ ሲስል እንደሚጠነቀቅ ሆነው የተቀዱ። ዓይኗ ወደ ገጹ አናት ሄደ፤ እያንዳንዱ ገጽ ስም እንዲኖረው ደንቡ የሷው ነውና። ስሙ የቃጭሌ አልነበረም። አጠገቧ የምትቀመጠው፣ እናቷ ነርስ የሆነች ልጅ ስም ነበር። ቀጣዩን ገለጠች፤ ያው ስም። መሃል ላይ ገለጠች፤ መጨረሻው ላይ። ልጅቷ ከጎረቤቷ ደብተር ያየችውን ሁሉ ስሙን ጨምራ ቀድታዋለች። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የሌላ ልጅ ስም፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ የመምህርቷ ቀይ እስክሪብቶ።

እናቲቱ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። በመርፌው ጫፍ ቀዩን ጽሑፍ ሳትነካ አሳየቻት።

«ይኼ የእርስዎ ነው አይደል? ምን ይላል?»

«በርቺ ይላል።»

«ይኼኛውስ?»

«በርቺ።»

እናቲቱ ገጹን ገለጠች፤ ሌላም ገለጠች።

«ሁሉም ጋ?»

«ሁሉም ጋ» አለች መምህርቷ።